ጊምቢ፣ የዳሚቱ ክፍል የኋላ ወንበር

ሳይገባው ራሱን የሚነቀንቅ ተማሪ ምን ቢሉት ነው «አልገባኝም» የሚለው? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ጊምቢ የወሰደኝም ይኸው ጥያቄ ነው። እኛ መምህራን ሁለት ሁለት ሆነን አንዳችን የሌላችን ክፍል ገብተን የምንቀመጥበት፣ ከዚያም የምንነጋገርበት ልማድ ጀምረናል፤ አለቃ የለበትም፣ ነጥብም የለበትም። ለኔ የደረሰችኝ ጊምቢ የምታስተምረው ወጣቷ ዳሚቱ ነበረች። ሁለታችንም የምናስተምረው ስታቲስቲክስ ነው።

ማለዳ በአውቶቡስ ከማስተምርባት ከነቀምቴ መናኸሪያ ወጣን። ዲጋን አልፈን ወደ ዲዴሳ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራብ አስወለቀን። ድልድዩ አጠገብ ማንጎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዷ በኦሮምኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ አፌ የወሎ ሰፋሪ ልጅ መሆኔን ቢያሳብቅብኝ፣ በአማርኛ «ውሰጂ እህቴ፣ ስኳር ነው» አለችኝ። ከዚያ ዳገቱ፣ ቀይ አፈሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና፤ ጊምቢ ለምሳ ደረስን።

ከሰዓት በኋላ

ዳሚቱ አጥርታ ታስረዳለች። «ገባችሁ?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኤዬ፣ ገብቶናል» አላት። ከጎኔ ያለችው ልጅ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነበር ራሷን የምትነቀንቀው፤ እንዳልገባት ያኔውኑ አወቅሁ፤ ኋላ ባይ ደብተሯ ላይ ያሰፈረችው ቁጥር ከሰሌዳው ጋር አይገናኝም።

እንደ ወጉ ከክፍል ወጥቶ ሻይ ይጠጣል፣ «ግሩም ነበር» ይባላል። ዳሚቱ በአክብሮት ጠርታኝ ቀደመችኝ።

«አዴ ዘነቡ፣ ግሩም ነበር እንዳይሉኝ። ሁሉም እንደዚያ ብለውኛል፤ ልጆቼ ግን ይወድቃሉ። ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ማስተማሩን ትቼ ባንክ እገባለሁ።»

ያየሁትን ነገርኳት። ልጅቷ እንዳልገባት ገና ደብተሯን ከማየቴ በፊት በምን እንዳወቅሁ ስትጠይቀኝ ግን «ልምድ ነው» ብዬ አለፍኩት።

መልስ

በማግስቱ ነቀምቴ ስገባ ጨለለቂ ሰፈር ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጉዞው ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ባልደረባ እውነቱን ሲጠይቅ ግማሹን ሰጥቶ መሄድ አይገባም።

በሳምንቱ ተራው የኔ ሆነ። ዳሚቱ መጥታ ከክፍሌ ኋላ ተቀመጠች። «ገባችሁ?» አልኩ። ራሶች ተነቀነቁ። ጠመኔውን አስቀመጥኩት።

«እኔ አንገር ጉቲን ሰፈራ ውስጥ አንደኛ ክፍል የገባሁት ለትዳር ከታጨሁ በኋላ ነው» አልኳቸው። «ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነበርኩ። እንዳይስቁብኝ ብዬ፣ ሳይገባኝ ራሴን ስነቀንቅ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ።»

ስለ መነቅነቁ ለእናቴም ነግሬ አላውቅም።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ የዳሚቱ። ትምህርቱን ከኔ እኩል የምታውቀው ሴት፣ «መምህር፣ የመጨረሻዋ መስመር አልገባችኝም» አለች። ተማሪዎቹ ዞረው አይተዋት ሳቁ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ሌላ እጅ ወጣ።