የወይዘሮ ሸዋረገጥ እልልታ

በጅማ ስታዲየም የጅማ ቡድን ደጋፊዎች ጭፈራውን የሚጀምሩት በወይዘሮ ሸዋረገጥ እልልታ ነው። እሳቸው ሳይከፍቱ ከበሮ አይመታም። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቅቤ ሲነግዱ ለኖሩት ሴት ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም።

ዘንድሮ ልጃቸው ዮኤል፣ "በባዶ ድድ አይታዩ" ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመላቸው። ከአጋሮ ቡድን ጋር ጨዋታ የነበረ ዕለት ታዲያ ቆመው አፋቸውን ቢከፍቱ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ፉጨት ብቻ ወጣ።

ከጎን የተቀመጡት የአጋሮ ደጋፊዎች ሳቁ። "አቦ፣ እማማ ጡረታ ወጥተዋል" አለ አንዱ።

ከበሮ መቺው ወንድወሰን ዝቅ ብሎ፣ "ዛሬ ሌላ ሰው ይክፈተው እንዴ?" አላቸው።

"አንተ ከበሮህን ያዝ።"

ጎረቤታቸው ሳሊሀ መሐረቧን ዘረጋችላቸው። "አውልቂና እዚህ ጣይው። ወላሂ፣ የሚሰማሽ እንጂ የሚያይሽ የለም።"

ሸዋረገጥ ጥርሳቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው እልልታቸውን ለቀቁት። ጅሬን ኮረብታ ድረስ የሚሰማ ነበር የሚመስለው። ከበሮው ተከተለ፤ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እልልታ ያለ መልስ አይቀርምና፣ የአጋሮ ሴቶችም ሳያስቡት እልል ብለው ተቀበሏቸው።