የአክስቴ እጅና የጨፋው እርቅ

ሻንጣዬን ስዘጋ ባለቤቴ፣ "ለመሆኑ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?" አለችኝ።

"ላስታርቅ" አልኳት።

ሳቀች። አልፈረድኩባትም። እኔ በአንዲት ክንድ አጥር ከጎረቤቴ ጋር ተጣልቼ የፍርድ ቤት ደጅ ስጠና ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሲነሳ ራሴን ይወጋኛል። ቤተሰቡም ይህን ስለሚያውቅ ነው ተሰብስቦ "ከማል ይሂድና ፋጤን እሺ ያሰኛት" ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ዘሃራ የእናቴ ታናሽ ናት። በጨፋ ሸለቆ ማሽላና ጤፍ እያሳረሰች ልጆቿን ያሳደገች ሴት። አምና የሐሞት ጠጠር አሟት አንድ የግል ሆስፒታል ገባች። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ የሆስፒታሉንም ሆነ የከተማውን ስም አልጠራም። በእግሯ ሄዳ ገባች፤ ስትወጣ ከቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች አልነበሩም። ሆስፒታሉ "ስኳር ስላለባት ነው" አለ። አክስቴ ስኳር የምታውቀው በሻይ ብቻ ነው።

ልጇ ፋጤ ለፖሊስ አመለከተች፤ ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደረሰ። ነገር ግን አስታማሚ ወደ ክፍሉ ስለማይገባ፣ ያየ ሰው አልተገኘም። እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ ሆስፒታሉ "በሽማግሌ እንታረቅ" ብሎ ላከ። ዘመድ ሁሉ እፎይ አለ፤ እኔም ጭምር። እምቢ ያለችው ፋጤ ብቻ ናት።

ከጣርማ በር እስከ ሰንበቴ

ሚኒባሱ "ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!" እየተባለ ብዙ ካስጠበቀን በኋላ ተነሳን። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ አንዷ ስኒ ሃያ ብር ገብታለች። ሻጯ ልጅ "አባባ፣ ጥርስ ካለዎት ይጨመርልዎ?" ብላ ተሳፋሪውን አሳቀችብኝ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቶች ሁሉ ወለቁ። ሾፌራችን በየከተማው እየቆመ ከፊት ላሉ ጓደኞቹ ይደውላል፤ "ሰላም ነው" ሲሉት ይነዳል። በዚህ መንገድ ከታሪፉ በፊት የሚጠየቀው ሰላም ነው።

ሰንበቴ የገበያ ቀኗ ነበር። አፋሮች ግመልና ፍየል አውርደው፣ ደገኞች እህላቸውን ይዘው መንገዱን ሞልተውታል። እዚያ ላይ አንድ የከብት ነጋዴ ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ወሬ ስንጀምር የመጣሁበትን ነገርኩት።

"ሐኪም ይከሰሳል እንዴ?" አለኝ። "የአላህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል!"

"እኔም የምለው እሱን ነው" አልኩ፣ አጋር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ።

"ግን ወላሂ፣ እኔ የበሬ እንከን ደብቄ ብሸጥ፣ ገዥው ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ያስመልሰኛል። በሬ አጉድሎ የሸጠ ከተጠየቀ፣ ሰው አጉድሎ የመለሰስ?"

ወደ መስኮቱ ዞሬ ማሽላ አየሁ።

ከሚሴ

ፋጤ ከሚሴ ውስጥ አስተማሪ ናት። መናኸሪያ ድረስ መጥታ በባጃጅ ወሰደችኝ። ከሚሴ ሙቀቷም ጨዋታዋም አይለቅም፤ ባጃጅ ነጂው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። ሩዝ በሥጋ በላን፤ ከላይ ፓፓያ ጨመሩልን። እኔ እጄን ሳልታጠብ ነገሬን ጀመርኩ።

"ፋጤዬ፣ ፍርድ ቤትን እኔን ጠይቂኝ። ዕድሜ ነው የሚበላው። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ አይመለስም።"

"ጋሼ፣ ሽማግሌ አልመለስኩም፤ ነገ ጨፋ ሲቀመጡ እኔም አለሁ" አለችኝ። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ሲባል አልሰማህም? የእናቴ ጣቶች ለምን እንደሄዱ እንኳ የነገረን የለም። ምኑን ነው የምታረቀው?"

ግትር ናት አልኩ በልቤ። አባቷም እንዲሁ ነበር።

የጨፋው እርቅ

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሸለቆው ወረድን። ቦርከና ውሃው ቀንሶ ረጋ ብሎ ይፈሳል፤ ማሽላው ጎንበስ ብሏል፤ ወፍ የሚጠብቁት ከማማቸው ላይ ወንጭፍ ያጮኻሉ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማ "ኮቱ፣ ና ግባ!" ብላ በግራ እጇ ሳበችኝ። ቀኟን በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

ግቢው ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አስታራቂው ሼህ ሙሄ አበጋር ናቸው፤ በወሎ አበጋር ማለት ደም ያፈሰሱትን ሳይቀር የሚያስታርቅ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ከሆስፒታሉ የመጡት ሁለት ናቸው፤ ከረባት ያሰረ ጉዳይ አስፈጻሚና አብዱ የሚባል ቀጭን ወጣት ነርስ። አንድ ሙክትም ይዘው መጥተዋል።

ሼህ ሙሄ ከቁርኣን ፋቲሃን ቀርተው መረቁ። "ረቢ ነጋ ኑፍ ሃኬኑ፤ አላህ ሰላሙን ይስጠን።" "አሚን" አልን። ከዚያ ቀና ብለው፣ "በዳይ ማነው? ይነሳ" አሉ።

በአገሩ ደንብ ይቅርታ፣ እነሱ አውፍ የሚሉት፣ የሚገኘው በዳይ ቆሞ በደሉን በገዛ አፉ ሲናገር ነው። ሳይናገር የሚባል አውፍ የለም። ባለከረባቱ ይህን ያወቀ አልመሰለኝም። ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ።

"ሆስፒታሉን ወክዬ፣ ለተፈጠረው ሁሉ..."

"ልጄ፣ አውፍ በውክልና የለም" አሉት ሼሁ በለሰለሰ ድምፅ። "ሆስፒታል አፍ የለውም። የበደለው ሰው ማነው?"

ሰውዬው ዞሮ ነርሱን በጣቱ አሳየ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አልኩ በልቤ። ልጁን ለምን እንዳመጡት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አብዱ ተነሳ።

"እኔ ነኝ ያሰርኳቸው" አለ። "ከማደንዘዣው ሲነቁ እየተነሱ አስቸገሩ። ሁለት እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩ። የቀኙ ጠብቆ ነበር። ሲጣሩ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ክፍል ነበርኩ፤ ቶሎ አልተመለስኩም። ስመለስ እጃቸው ጠቁሯል።" ወደ አክስቴ ዞረ። "ስኳር የለባቸውም።"

ፋጤ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ደሜ ፈላ፤ ተነስቼ ልጁን ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ሼህ ሙሄ ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

"ማሰሩን ማን አዘዘህ?"

"ሁለት ክፍል ብቻዬን ነበር የምይዘው። ሰው ጨምሩልኝ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ደጋግሜ ለምኛለሁ። 'የሚያስቸግርህን እሰረው' ነው ያሉኝ። የሚታሰሩት እኚህ እናት ብቻ አይደሉም።"

ባለከረባቱ ዘሎ ተነሳ። "ይሄ እርቅ ነው ወይስ ምርመራ? እዚህ የተባለ እዚህ ነው የሚቀር!"

"ተቀመጥ ልጄ" አሉት። "ቁስል ሳይታጠብ አይታሸግም።"

"እኔ ራሴ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄጄ እናገረዋለሁ" አለ አብዱ። "እንቅልፍ አጥቻለሁ።"

ሼህ ሙሄ ወደ አክስቴ ዞሩ። "ዘሃራ፣ ምን ትያለሽ?"

አክስቴ ነጠላዋን ገለጠች። እጇን እንዲህ በቀን ብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"አብዱ፣ ና ልጄ" አለችው። ጉልበቷ ሥር ተደፋ። "አውፍ ብዬሃለሁ፣ ለአላህ ብዬ።" ከዚያ ቀና አለች። "ያ እሰረው ያለው ትልቁ ሰውዬ ግን አልመጣም። ቢመጣም የእጄን አውፍ እለዋለሁ፤ ቂም ይዤ አልሞትም። ነገር ግን ነገ እዚያ አልጋ ላይ የምትተኛ ሴት አለች። አላውቃትም። በእሷ ስም አውፍ ማለት አልችልም፣ አልወከለችኝም። እሷን ሕግ ይጠብቃት።"

ከአዲስ አበባ የተላክሁበትን ቃል ልናገር ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ። "ክሱ ይቅር ልል ነበር የመጣሁት" አልኩ። "አክስቴ ከተናገረች በኋላ ግን እኔ የምጨምረው የለም።" ተቀመጥኩ። ፋጤ እጄን ጨበጠችኝ።

ሼህ ሙሄ በአብዱና በአክስቴ መካከል እርቁን አጸኑ። የቀረውን "የመንግሥት ሐቅ ነው" ብለው ለፍርድ ተዉት። ሙክቱ ሳይታረድ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ከዚያ ግቢ እጅግ ደስ ብሎት የወጣ እሱ ይመስለኛል።

ወደ ዐቃቤ ሕግ

በማግስቱ እኔ፣ አክስቴ፣ ፋጤና አብዱ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ሄድን። አክስቴ ከአብዱ ጎን ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቱ ስትጠይቀው ነበር፤ እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ገና በክፉ ዓይን አየዋለሁ። እንደሷ ያለ ልብ የለኝም።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት። አብዱን ከማስቀመጧ በፊት፣ "የምትሰጠው ቃል በራስህም ላይ ይቆጠራል። ጠበቃ የማማከር መብት አለህ። ገብቶሃል?" አለችው።

"ገብቶኛል። እኔም ልጠየቅ፤ ብቻዬን ግን አይደለም።"

በሩ ተዘጋ። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅን። አብዱ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ትከሻው ግን ቀና ብሏል። ከጨፋ ጀምሮ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የነበረው ልጅ፣ "ራበኝ" አለ። ፍርፍር አዘዝኩለት። ሲበላ እያየሁት ንዴቴ ቀለለልኝ።

አዲስ አበባ

ቤት ስገባ ባለቤቴ "አስታረቅክ?" አለችኝ። "ታረቁልሽም፣ ተከሰሱልሽም" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም እስከዚያ ድረስ አንዱ ካለ ሌላው የሌለ ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ የተበደለው ሰው ሀብት ነው፤ ቢፈልግ ይሰጠዋል። በተጠያቂነት ላይ ግን ገና ያልተበደሉትም ድርሻ አላቸው። ይህን ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ፣ ጨፋ ወርጄ ነው።

ክሱ በሥራ አስኪያጁም በአብዱም ላይ ተመሠረተ። ፍርዱ ገና ነው፤ ቀጠሮም አለ፤ እሱን አልክድም። ሆስፒታሉ ግን አንድ አስታማሚ ከበሽተኛው ጋር እንዲያድር መፍቀድ ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት ፋጤ ደወለችልኝ። አክስቴ የምትመሰክርበት ቀን ነበር።

"ዳኛዋ 'ለመሐላ ቀኝ እጅዎን ያንሱ' አለቻት" አለችኝ። "እማም አነሳችው።"

"ሥራ አስኪያጁስ?"

"እስከዚያች ቀን እጇን አይቶት አያውቅም ነበር ጋሼ። አንገቱን ደፋ። ዳኛዋ 'እጅዎን ማውረድ ይችላሉ' ብትላትም፣ እማ መናገር እስክትጨርስ አላወረደችውም።"