የካራቫን ሻጩ መሐላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሜልበርን ወጣ ብሎ ላቨርተን ኖርዝ አጠገብ፣ በመኪና የሚጎተቱ ያገለገሉ ካራቫኖች በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ የአንዱን በር ከፍቼ ጭንቅላቴን ሳስገባ፣ እርጥብ ኮምፔንሳቶ፣ ያረጀ ስፖንጅና ተዘግቶ የከረመ ቁም ሳጥን አንድ ላይ ሆነው የሚሰጡት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና አንድ እግሬን ደረጃው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ "ምን ሆንሽ፣ ግቢ እንጂ" ይለኛል፤ ሻጩ፣ ጢም ለማሳደግ ገና የሚታገል ወጣት፣ መስኮቱ ቢከፈት ሽታው ወዲያው እንደሚወጣ ያስረዳኛል። እኔ ግን ሁለቱንም አልሰማኋቸውም። አስራ አንድ ዓመቴ የነበረበት፣ እማዬ በሕይወት የነበረችበት፣ አባዬም ሰውን ሁሉ ያምን የነበረበት ጊዜ ከዚያች ጠባብ በር ወጥቶ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። አባዬ ራሱ ያን ሰዓት ከግቢው ውጭ መንገድ ዳር በቆመችው መኪናችን ውስጥ ነበር፤ አብሮን መጥቶ ሲያበቃ፣ ካራቫን ሻጭ ግቢ ውስጥ እግሬን አላነሳም ብሎ ቀበቶውን ሳይፈታ ቀርቷል።

አባዬ አገር ቤት ሳለ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የአሰብን መንገድ ከነተሳቢው ዘመኑን ሁሉ የተመላለሰ፣ አፋር በረሃ ላይ ከመኪናው ሥር አንጥፎ የተኛ ሰው፣ ሜልበርን መጥቶ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ግድግዳው ጋ ደርሶ ያልቅበት ነበር። እሱ ናይት ሺፍት ይገባል፤ እማዬ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ፉትስክሬይ በተከራየናት ቤት በር ላይ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ቁልፍ ይቀባበላሉ፣ ስለ እኛ ስለ ልጆቹም እዚያው ቆመው ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሁለቱን አንድ ላይ ተኝተው አይተናቸው አናውቅም ነበር። በዚህ መሃል ነው አባዬ አንድ የሥራ ባልደረባው ያሳየው ፎቶ ልቡን የሰረቀው። ለካስ በዚህ አገር ሰው ቤቱን ከኋላው አስከትሎ መንዳት ይችላል፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ዕቃ ማጠቢያው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ባሕሩን በግራ አድርገን አገሩ እስኪያልቅ እንነዳለን፤ የቤት አከራይ ኤጀንት መጥቶ የማያንኳኳበት አንድ ጣሪያ ሥር አራታችንም አብረን እናድራለን። እማዬ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ታሾፍበት ነበር። ነገር ግን ዳንደኖንግ ካለ ሻጭ ዘንድ ሄደን ካራቫኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየን ቀን፣ አባዬና ሻጩ ጎማ ጎማውን ሲዞሩ እሷ ቀስ ብላ ውስጥ ገብታ መስኮቶቹን በስንዝሯ ለካች፤ ሳምንት ሳይሞላም ከፉትስክሬይ ገበያ ብርቱካናማ አበባ ያለበት ጨርቅ ገዝታ መጋረጃ መስፋት ጀመረች። ካራቫኑ ሳይገዛ መጋረጃው አለቀ።

አባዬ መኪና አውቃለሁ ከሚሉት ወገን አልነበረም፤ በእውነት ያውቃል። ሸሚዙን አውልቆ ካራቫኑ ሥር ገብቶ ፍሬኑን አየ፣ መያያዣ ብረቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፣ መብራቶቹን እኔ እያበራሁ እሱ ከኋላ ቆመ። ከዚያ ወጥቶ እጁን እየጠረገ "ሞተር የሌለው ነገር ምኑ ይበላሻል" አለ። ግድግዳውን አልነካውም። በረሃ የኖረ ሰው ቤት ከውስጡ ይበሰብሳል ብሎ አይጠረጥርም። ያ የሥራ ባልደረባው መርማሪ ቀጥረህ አስመርምረው ቢለው ደግሞ ጭራሽ ተቆጣ። ሰውየው ፊቴ ቆሞ እያለ ስለ ዕቃው ሌላ ሰው ብጠይቅ፣ ሌባ ነህ ማለቴ አይደለም ወይ ነው የሚለው።

ሻጩ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተረፈ፣ ሳቁ ከግቢው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ለእኔና ለወንድሜ ከረሜላ ሰጥቶናል፤ እማዬን ወንበር ስቦ አስቀምጧታል። በመጨረሻ አባዬ ወደ እኔ ዞረና "ውሃ እንደማያስገባ ይማልልኝ። 'እናቴ ትሙት' ይበል በይው" አለኝ። በዚያ ዕድሜዬ የባንኩንም፣ የሐኪሙንም፣ የትምህርት ቤቱንም ነገር የምተረጉም እኔ ነበርኩና ይህንንም እንደተባለው አደረስኩ። ሰውየው መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀጥሎ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እናቴ ትሙት፣ ጠብታ አይገባም አለ። አባዬ የሰውየውን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎት ነበር፤ እናቱን የጠራ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይበል እያለ ለእማዬ ይደጋግምላታል።

በጋውን ካራቫኑ ግቢያችን መግቢያ ላይ ቆሞ አባዬና እማዬ በአንድ ጊዜ እረፍት እስኪያገኙ ጠበቅን። ጉዞው ሲዘገይ እኔና ወንድሜ ካራቫኑ እዚያው እንደቆመ በጨዋታ አገሩን ዞርነው። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሁለቱም ሥራ ባልነበራቸው ቀን፣ እማዬ ምሳውን እዚያ አቀረበችና ከበላን በኋላ ሙቀቱ ጣለን። ትንሽ ቆይቼ ስነቃ አባዬና እማዬ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው ተኝተዋል፤ አባዬ ያንኮራፋል፣ የእማዬ አፍ ትንሽ ተከፍቷል፣ በመጋረጃው ያለፈው ብርሃን ሁለቱንም ብርቱካናማ አድርጓቸዋል። ወንድሜ ሊነሳ ሲል እግሩን ይዤ አስቀመጥኩት። ከልጅነቴ አንዲቱን ሰዓት ምረጪ ብባል ያቺን ነው የምመርጠው፤ አንድ ኪሎሜትር እንኳ አልሄድንባትም።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በሦስተኛው ቀን ኮርኒሱን አሳበጠው። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተቀባው አዲስ ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ፤ ሥሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ጣት ሲነካው የሚፈርስ ጥቁር እንጨት ወጣ። አንድ ሰው በደንብ እያወቀ፣ በእጁ ደፍኖ፣ አለስልሶ ቀብቶታል። እማዬ ፍራሹን ስታነሳ በቅላ የቆየች እንጉዳይ አገኘችና "ይቺማ ወጥ ይወጣታል" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ፍራሹን መልሳ አስቀመጠችና በሩን ዘግታ ወደ ቤት ገባች። ጎረቤታችን መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ከመግዛታችሁ በፊት ብታስመረምሩት ኖሮ አለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚከሰስበት ቢሮ እንዳለም ነገረን። አባዬ አልሰማውም። ሰው ከሰው ሲቀያየም መጀመሪያ የሚላከው ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ፉትስክሬይ ውስጥ የበርበሬና የጤፍ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሐጂ ሰይድ፣ እሁድ እሁድ በየቤቱ እየዞሩ ለታመመ የሚጸልዩት ጋሼ ታደሰ፣ እና አገር ቤት የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ደምሴ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው በጋሼ ደምሴ ታክሲ ዳንደኖንግ ሄድን፤ እኔን አባዬ ይዞኝ የሄደው ምናልባት ቋንቋ ቢያጥር ብሎ ነው። ቋንቋ ግን አላጠረም። ሻጩ ገበያ የመጣለት መስሎት ወንበር ሲስብ ሦስቱም አንቀመጥም ብለው በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ፤ ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ለዚያ ሰው ማን ይንገረው። ጋሼ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ ጥንቁቅ፣ አንድም ቃል በማይዋጥበት እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ስለ ካራቫኑ አልመጣንም፣ ዕቃ ይጠገናል፤ አንተ ግን በእናትህ ሞት ምለሃል፣ የማልክበትም ነገር እውነት ሆኖ አልተገኘም። እኛ የፈራነው ለእናትህ ሕይወት ነው። አንድ ነገር ሳይደርስባቸው ከዚህ ወንድማችን ጋር ታረቅ አሉት።

የሰውየው ፊት ነጣ። "እናቴን ልትገድሉ ነው የመጣችሁት?" አለና ስልኩን አነሳ። ሐጂ ሰይድ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ጎንበስ አሉና "እኛ እኮ ለሳቸው ብለን ነው፣ ንገሪው" አሉኝ። ነገርኩት። በስልኩ እያወራ በእጁ ገፋ አደረገኝ። ፖሊሶቹ መጥተው የአራቱንም ስም ሲጽፉ፣ ጋሼ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ አባዬ የስሙን ፊደል አንድ በአንድ እንዲናገር ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው። ፖሊሶቹ ጨዋዎች ነበሩ። ከዚያ ግቢ ሁለተኛ እንዳትደርሱ ብለው ብቻ ለቀቁን። ሰውየው ባህላችንን ስላላወቀ ነው የሚሉ ደግ ሰዎች በኋላ አጋጥመውኛል፤ መጀመሪያ መደንገጡን እኔም አልክድም። ነገር ግን ስንወጣ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያን የከረሜላውን ፈገግታ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዕዳው እንዴት እንደወጣ አሳምሮ ገብቶታል።

በታክሲው ተመልሰን ቤታችን ወረድን። ሽማግሌዎቹም ያን ቀን ዳግመኛ አላነሱት፤ ጋሼ ደምሴ ቤታችን መምጣት አበዙ፣ ከዚያ ቀነሱ፣ ከዚያ ቀሩ። ኤጀንቱ ይህን የሻገተ ነገር አንሱልኝ ሲል የቁራሊዮ መኪና መጥቶ ካራቫኑን ጎትቶ ወሰደው። እማዬ ከዚያ በፊት ገብታ መጋረጃዎቿን ብቻ አወረደች። እነዚያ መጋረጃዎች ከተከራየነው ቤት ሁሉ ጋር አብረውን ተሰድደዋል፤ ለአንዱም መስኮት ልክ አልመጡም። በሁለተኛው ክረምት እማዬ ታመመች፤ ሕመሟ ከካራቫኑ ሻጋታ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ሐኪሞቹ በደንብ አስረድተውናል። ገና ባሕሩን በግራ አድርገን ሳንነዳ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አባዬን ነው ሰው የሚያውቀው። ወንድሜና እኔ በጨዋታ "እናቴ ትሙት" ማለት ከለመደ አፋችን ሲያመልጠን ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ለትንሹም ለትልቁም ነገር ወረቀት አምጣ፣ ፈርም ነው። ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ የተከበሩ ሰዎች ሳሎናችን በር ላይ ቆመው ወጋቸውን ሊጀምሩ ሲሉ፣ አባዬ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ከተዋደዱ ሄደው ይፈራረሙ ብሎ ሻይ ሳያቀርብ ሸኛቸው። እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። ያ ሻጭ የአባቴን እምነት ሰርቆ በምትኩ ፊርማ የሰጠው መሰለኝና ለዓመታት እንደዚያው ስል ኖርኩ።

ቅዳሜ ዕለት ያንን የሚሸት ካራቫን ዘግተን ቀጥሎ ያለውን አየን። ባለቤቴ ይዞት የመጣውን እርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ በመስኮቶቹ ሥር እያስጠጋ አነበበ፤ ደረቅ ነው። የካራቫኑ ወረቀትም ንጹሕ ነው። ወጣቱ ሻጭ ማመንታቴን አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በእናቴ ሕይወት እምላለሁ አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። "ተው፣ እንዲህ አትበል" አልኩትና ምን እንደሆንኩ ሳይገባው ትቼው ወደ መኪናችን ወጣሁ።

"ደረቅ ነው?" አለኝ አባዬ።

"ደረቅ ነው። ሁሉም ደህና ነው። ልጁማ ሳንጠይቀው በእናቱ ማለልን።"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። "ማን አስማለው?"

"ማንም። ከራሱ ነው።"

የመኪናውን ቀበቶ ጫፍ አሻሸ። "ያኛውን ግን እኔ ነኝ ያስማልኩት" አለ። "እሱማ ሳቀ እንጂ፣ ትሙት በል ያልኩት እኔ ነኝ። ሞትን ጠርቼ እናት ውሰድ አልኩት። መጣ። ያገኛት የእናንተን እናት ነው።"

ለረጅም ዘመን ለራሱ ሲለው እንደኖረ ሰው፣ ድምፁ ሳይሰበር ነበር የተናገረው። ሐኪሞቹ ያሉትን ላስታውሰው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ የሐኪሞቹን ቃል ያን ጊዜ የተረጎምኩለት እኔው ነኝ፣ እሱም አልረሳውም። በሰው ሁሉ ላይ እምነቱን ያጣ ይመስለኝ የነበረው አባቴ፣ ለካ ሰው ዳግመኛ በአፉ ሞት እንዳይጠራ ነው በፊርማ የሚከልለው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ያን ቀን የፈሩት ለሌላ እናት ነበር። የዚያ ሰውዬ እናት ረጅም ዕድሜ ኖራ ይሆናል፤ በየበዓሉም ሄዶ እየሳቀ ስሟት ይሆናል። ይህን ሳስብ የሚሰማኝን ንዴት እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ ከግቢው በር ላይ እስክሪብቶ ይዞ ይጠራኛል። አባዬ "ሂጂ ፈርሚ፣ ሰው አታስጠብቂ" አለኝ። ካራቫኑ አራት ሰው ያስተኛል፤ እኛም ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር አራት ነን። እኔ ግን አራት ባልኩ ቁጥር የምቆጥረው እነዚያን፣ ያን እሁድ ከሰዓት የተኙትን ነው። ለባለቤቴ እጄን አወዛውዤ፣ ሳልፈርም መኪናውን አስነስቼ አባዬን ወደ ቤቱ ወሰድኩት።