በሰንበቴ የጠየቅሁት ጥያቄ

መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ አጭር ነበር። «አገራችን ቅኝ አልተገዛችም። ታዲያ የውጭ ኃይል በአስተዳደራችን ላይ ምን ትቶ ሄደ? የየአገራችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁና ሦስት ገጽ ጻፉ።» እኔ ማንንም ሳልጠይቅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፦ «በእኛ ቀበሌ ጣሊያን ከመንገድ በቀር የተወው ነገር የለም።»

እሑድ ከደብረ ታቦር ተነሥቼ ገሳይ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ሽማግሌዎችን በየቤታቸው ከማንኳኳት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም በሰንበቴ ቤት ባገኛቸው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ስህተቴ እሱ ነው። በሰንበቴ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፤ የቆየ ነገር ግን አይነሣም። ከተነሣም ሳይታረቁ መበተን የለም።

አያቴ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም አለቃው ናቸው። አጠገባቸው ቆሜ ደብተሬን ገለጥኩ።

«አባባ፣ በጣሊያን ጊዜ እዚህ የተሾመው ማን ነበር?»

አያቴ የያዙትን ዋንጫ አልጠጡትም፣ አላስቀመጡትምም። ከማዶ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ግን ሳቁ።

«ጎሽ! የተማረ እንዲህ ነው። በሉ ሙሴው፣ መልሱላት እንጂ። ካባውን ማን እንደለበሰ ከአንቱ በላይ ማን ያውቃል?»

«ኧረ ተዉ፣ በዝክሩ ፊት!» አሉ ቄሱ።

«እኔ ምን አልኩ? ልጂቱ ናት የጠየቀች። ያባቴ ማሳ የት እንደገባም ትጻፍ!»

ጎረቤታችን ጠላቸውን መሬት ላይ ደፉት። ዱላቸውን ሲያነሡ በሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ልጆቻቸው ብድግ አሉ። አጎቴም ተነሣ። ደብተሬን ዘግቼ «ይቅርታ፣ ሌላ ርዕስ እጽፋለሁ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ቂም ይዞ የሚወጣ የለም!»

ያን ጊዜ አያቴ ተነሥተው ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አባቴ ነው። ካባ አልብሶ ጭቃ ሹም ያደረገው፣ የቀበሌውን ግብር ያስሰበሰበውም ጣሊያን ነው። አባትህ አርበኛ ሆኖ ዱር ገባ ብሎ ማሳውን ለእኛ የሰጠም እሱ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ይሻራል ሲባል፣ የመንግሥት ሰው መጣና ‹ግብር ከፋዩን ለይቶ የሚያውቅ ማን ነው?› አለ። የሚያውቀው አባቴ ነበር። ሹመቱም ማሳውም ጸና። እኔም በዚያ ማሳ እህል አደግሁ።»

ጣሊያን ወጣ ሲባል ወታደሩን ብቻ ነበር የማስበው። የሰጠው ሹመት ግን ጸንቶ የቤታችን እንጀራ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ይችን ካንተ አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ጠበቅሁ» አሉ በመጨረሻ።

አልተሳሳሙም። ግን ሽማግሌው የደፉትን ዋንጫ አንሥተው ዘረጉ፤ አያቴም ቀዱላቸው። ቄሱ ይህ እርቅ ይሁን አይሁን ለመለየት ሁለቱን ጥቂት አዩና ጸሎቱን ጀመሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ ፊት ፊት ሄዱ። ደጃችን ስንደርስ ዞር አሉ።

«መምህርሽ ስንት ገጽ ነው ያሉሽ?»

«ሦስት።»

«አይበቃም።»

«ስለ ማሳውም ልጻፍ?»

«እሱንስ ባለቤቱን ጠይቂ። በሰንበቴ ግን አይደለም፤ ቤታቸው ሄደሽ።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጎረቤታችን ቤት ስሄድ፣ እንደምመጣ ያወቁ ይመስል ሽማግሌው ውሻቸውን አስረው ጠበቁኝ።