ርዕሱን የዘለልኩት ዝርዝር

ዛሬ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወንድሜን የሰይድን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እናቴ "እልል! ልጄ ተገኘ!" ብላ አጠገቧ ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች።

ሰይድ በጦርነቱ ጊዜ ከጠፋ ጀምሮ፣ የጠፉ ሰዎች የሚመዘገቡበት ቢሮ እንመላለሳለን። መልሳቸው ሁልጊዜ "እየፈለግን ነው፣ እማማ፤ ይታገሡ" ነው።

ዛሬ ወረፋው ሲረዝምብን የጎረቤቱን ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለእማ ላነብላት ተነሳሁ። መቼም የማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያላነበብኩት ታፔላ የለም። ከክፍላችንም አንደኛ ነኝ፤ የማያምን መምህራችንን ይጠይቅ።

ግን ስም ማንበብ ይቀለኛል ብዬ ርዕሱን ዘልዬው ነበር።

እልልታዋ ሳያልቅ ቀና ብዬ አየሁት። "አስከሬናቸው ተለይቶ የተቀበሩ" ይላል። ወረቀቱ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል።

"ምን እያየህ ነው? ላዩ ምን ይላል?" አለችኝ።

አነበብኩላት።

"ቀስ ብለህ ድገመው፤ ስትቸኩል ትሳሳታለህ።"

ደገምኩት። መሳሳትን እንደዛሬ ተመኝቼ አላውቅም።

"ይታገሡ" ሲለን የከረመው ሰውዬ ደነገጠ። "ዝርዝሩ በደብዳቤ አልደረሰንም" አለ። የሁለቱ ቢሮ ግድግዳ እኮ አንድ ነው፤ ያኛው ሲያስነጥስ ይሄኛው "ይማርህ" ይላል።

እማ ስንት ጁምዓ "ያ ረቢ፣ በሰላም መልሰው" እያለች ዱዓ አደረገች። ዛሬ ስንመለስ ለሞተ ሰው እንደሚባለው "ረህመት አድርግለት" ልትል ፈልጋ፣ ከአፏ የወጣው ያው "በሰላም መልሰው" ነው።

የእናንተስ ሰው ከየትኛው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተገኘ? ጻፉልኝ። ከርዕሱ ጀምሬ አነባለሁ።