ከመቁጠሪያው አንድ ፍሬ አልፎ

ባለፈው ወር ወደ አኼራ የሄዱት አጎቴ ሁሌ የሚጠይቁኝ ነገር ነበራቸው፦ "አዋቂው፣ አለቀ?"

ሒሳብን ያለ አስተማሪ የተማርኩ፣ በሐይቅ ከተማ አቻ የሌለኝ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት መስጊዱ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እስቲ ከአንድና ከራሱ በቀር አንድ ሚሊዮን አንድን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ፈልግልኝ" አሉኝ። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለውን መቁጠሪያቸውን ተውሼ፣ ከሁለት ጀምሬ በየፍሬው አንድ ቁጥር ሞከርኩ። ፍሬው መቶ ላይ ሲያልቅ "የሚያካፍለው የለም!" ብዬ ተነሳሁ።

"ያለቀው መቁጠሪያው ነው እንጂ ቁጥሩ መች አለቀ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ለዓመታት "አልቋል" እያልኩ ድርቅ አልኩ።

አልጋ ላይ መዋላቸውን ስሰማ ግን ፈራሁና እንደገና ሞከርኩ። መቶ አንድ ላይ ተገኘ! መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፣ ልክ አንድ ሚሊዮን አንድ ነው። ሮጬ ሄድኩ።

"አያ፣ ተሳስቼ ነበር። መቶ አንድ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ! አንድ ፍሬ ለመጨመር ይህን ሁሉ ዘመን?"

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ሳልነግራቸው ባለመቅረቴ እፎይ ብያለሁ። መቁጠሪያው አሁን እኔ ዘንድ ነው። ፍሬው ሲያልቅ "አለቀ?" የሚለኝ የለም፤ እኔ ግን አንድ እጨምራለሁ።