ዮናስን ያልዋጠው ዓሣ

ያን ሰሞን በአዋሽ በኩል ምድር እየተንቀጠቀጠች እኛም ጋ፣ ሞላሌ ድረስ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ ታንኳኳ ነበር። ሰው ሁሉ ምልክት ፈላጊ ሆነ። ስልክ ያለው ደግሞ አንድ ቪዲዮ ይዞ ይዞር ጀመር፤ በማናውቀው አገር የባሕር ዳርቻ ወጥቶ የተገኘ፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ሰዎች ተሰልፈው የተሸከሙት ረጅም ዓሣ። ራሱ ላይ እንደ ጉትዬ የቆመ ቀይ ክንፍ አለው። ከበሮ እየተደለቀ አንድ ጎርናና ድምፅ «የምጽዓት ዓሣ!» ይላል፤ «ይህ ዓሣ ከወጣ የምድር ነውጥ አይቀርም!»

እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እውነት ነው?» እያሉ ቢነዘንዙኝ ተናድጄ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለዚሁ ዓሣ አስተማርኳቸው። መቼም ባሕር አይቼ አላውቅም። ከዓሣም ጋር በአካል የተዋወቅነው ደብረ ብርሃን ምግብ ቤት ውስጥ ነው፣ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ያም ሆኖ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ፈረንጆቹ በመቅዘፊያ ስም ይጠሩታል፤ በእኛ ቋንቋ ስም የለውም፣ ማን አይቶት ያወጣለታል። አጥንት ካላቸው ዓሦች በርዝመት የሚስተካከለው የለም። ቅርፊት የለውም። ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ተገትሮ ይውላል። ጃፓኖች ድሮ ከባሕር ሥር ካለ ቤተ መንግሥት የተላከ መልእክተኛ ነው ይሉት ነበር፤ የነውጥ ነጋሪነቱም ወሬ የመጣው ከዚያው አገር ነው። የራሳቸው ተመራማሪዎች ግን ዓሣው የታየበትንና ምድር የተናወጠበትን ጊዜ አመሳክረው አልገጠመላቸውም። ተረት ነው ብዬ ሰሌዳውን ጠረግኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ እህቴ መጣች።

ታላቄ ናት። ከጓሳ ተራራ ሥር ገብስ እያረሰችና በግ እያረባች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ የነበራት ሴት። «የነበራት» ማለት አሁን ነው የቻልኩት። ያኔ ይህን ቃል ፊቷ የሚደፍር አልነበረም። ልጁ አረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ጀልባዋ ባሕር ላይ ተገለበጠች። አብሮት የተሳፈረ የመንደሩ ልጅ ከማዶ ደውሎ ይህንኑ ነገረን። «እሱስ?» ብንለው «አላየሁትም» አለ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ከዚያች ቃል ሌላ አልወጣውም። ሞቷል አላለም፤ ተርፏልም አላለም።

ወራት አለፉ። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን እንንገራትና ታልቅስ፣ ፍትሐቱም ይድረስለት ብሎ መከረ። ሄዱባትም። እሷ ግን ከደጇ ቆማ «ሬሳውን ያየ ይግባና ያርዳኝ» አለቻቸው። የገባ የለም። ከዚያ ወዲህ ሐዘንተኛም አልሆነች፣ ሰውም አልሆነች። በጎቿን ታወጣለች፣ ታስገባለች፤ እህል ስትቀምስ ያያት የለም። እኔም በየሳምንቱ እየወጣሁ አያት ነበር፤ ስመለስ መንገዱ ላይ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ለልጁ ይሁን ለእሷ ለይቼ አላውቀውም።

የዚያን ቀን ታዲያ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጾመ ነነዌ ስለነበር የማቀርብላት ነገር አልነበረም።

«ልብስ ሰፊው ጋ ረጅሙን ዓሣ አሳዩኝ» አለች። «እህትሽ ታውቀዋለች፣ ተማሪ ቤትም አስተምራዋለች አሉኝ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ሰው ይውጣል?»

ልጇን በዚያ አውሬ ሆድ ውስጥ እያሰበች እንቅልፍ ያጣች መሰለኝ። ያን ከበሮ የሚደልቀውን ሰውዬ ባገኘው አንቀው ነበር። እጇን ያዝኩና፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ እውቀቴ የሚጠቅማት ነገር በማግኘቴ እግዜርን እያመሰገንኩ፣ አስረዳኋት።

«በጭራሽ፣ እትዬ። ጥርስ እንኳ የለውም። አፉ ይቺን ታህል ናት። የሚበላው ከውሃው ላይ የሚያጠልላቸውን ጥቃቅን ነገሮች ነው። እንኳን ሰው ሊውጥ ሰው አጠገብም አይደርስም።»

እጇን ከእጄ አወጣች።

«ልጅ እግር፣ ቀጠን ያለ ሰውም ቢሆን?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ውላ ነበር የመጣችው። በጾሙ የሚነበበውን የዮናስን ታሪክ ሰምታ፣ ዓሣ አንበሪው ውጦ እንዳቆየው፣ ከዚያም ደረቅ መሬት ላይ እንደተፋው ሰምታ፣ ያንን በልቧ ይዛ ገበያ ብትገባ ያን የመሰለ ዓሣ አሳዩዋት። እህቴ ዓሣው ልጇን በልቶት ይሆን ብላ አልነበረም የፈራችው። ውጦልኝ በሆነ ብላ ነበር የመጣችው። እኔ ደግሞ ጥርስ የለውም እያልኩ፣ አፉ ትንሽ ነው እያልኩ፣ አንድ በአንድ ዘጋሁባት።

«ታዲያ ለምን ወጣ?» አለች። «ያን ያህል ከሥር ወጥቶ ዳር የተኛው የተሸከመውን ሊያወርድ አይደለም?»

«የሚወጣው ሲታመም ነው፣ እትዬ። ወይ ሊሞት ሲል። ደህናው እዚያው ታች ነው።»

«እንግዲያ ከዚያ ታች በሕይወት ወጥቶ የሚተርፍ የለም በይኛ።»

እጇን መልሼ ለመያዝ ሞከርኩ።

«ቁርጤን ንገሪኝ። አስተማሪ አይደለሽ?»

«የለም» አልኳት።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ዘንቢሏን አነሳች፣ ሄደች። ጥርጊያው ላይ ጎንበስ ብላ ስትርቅ እያየሁ፣ የተማርኩበትን ቀን ረገምኩ። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጄ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው? እናትን የምትጠጋበትን አንድ ዓሣ የሚያሳጣ ትምህርት?

ጾሙ ሲፈታ ወደ መንደር ወጣሁና የንስሐ አባታችንን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «አባ፣ እርስዎ አንድ ነገር ይበሏት። ቃልዎን ትሰማለች። እግዚአብሔር ይችላል ይበሏት» አልኩ።

ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«እግዚአብሔርማ ይችላል» አሉ። «ያን ዓሣ ያዘጋጀው እሱ ነው። ያዘጋጀው ግን ለዮናስ ነው፣ ልጄ። ለልጃችን ማዘጋጀቱን የትም አላነበብኩም። ያላነበብኩትን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ተናደድኩባቸው። ከእኔ የተሻለ ውሸታም ፍለጋ ሄጄ ከእኔ የባሰ እውነተኛ ገጠመኝ። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳልሜ ወጣሁ።

እህቴ ለካ የማንንም ቃል አልጠበቀችም። ቤቷ ስደርስ ጎረቤቶቿ ግቢውን እየጠረጉ ነው፤ ለዘመድ ሁሉ «ኑ፣ ለቅሶ ተቀምጬለታለሁ» ብላ ልካለች። እሷ የለችም። ወንዝ ወርዳለች አሉኝ።

ዳሩ ላይ ገና ውርጭ አለ። እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ የልጁን ጋቢ ታጥባለች። ለቅሶ ላይ የሚወጣው ልብሱ ነው፣ በሬሳው ፈንታ።

«ንጹሕ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ንጹሕ ነው። ግን ሰው ሳይታጠብ ይገነዛል?» አለች።

ጎንበስ ብዬ በአንደኛው ጫፍ ያዝኩላት። ውሃው ጣት ይቆርጣል፤ ወዲያው ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ጠፋኝ። እኔ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ እያጠመዘዝን ጨመቅነው። እንደዚያ ሆነን፣ ጋቢው በመሃላችን ተወጥሮ ሳለ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እዚያ ታች ይበርዳል?»

ጨለማው የሚጀምርበት ውሃ እንዴት እንደሚበርድ አንብቤያለሁ። እንዲያውም ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

«ይሞቃል» አልኳት። «የአረብ አገር ባሕር እኮ ነው። እስከ ታች ይሞቃል።»

ቀና አለች። ዓይኖቿ ዓይኖቼ ላይ ቆዩ።

«ይኼን ያለችኝ አስተማሪዋ ናት ወይስ እህቴ?»

«አስተማሪዋ ናት።»

«ተመስገን» አለችና መጭመቋን ቀጠለች።